ለቅዳሜ ማታ ምን ፊልም እንክፈት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከልጆች ጋር ስለሚታዩ የተፈጥሮና የአካባቢ ፊልሞች ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ስንመልስ የያዝነው መመዘኛ አንድ ነው፦ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጁ በማግስቱ ከቤት ወጥቶ በዓይኑ የሚፈልገው ነገር ይኖረዋል ወይ? ይህ ከሌለ መልእክቱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ሌላ ፊልም እንመርጣለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ5፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ማታ አብረን ፊልም እናያለን። ትንሿ ገና አታነብም፣ እንግሊዝኛም አትሰማም። ትልቁ ደግሞ «የሕፃን ነው» ብሎ ስልኩን ይዞ ጓዳ ይገባል። ሦስቱንም የሚይዝ ስለ አካባቢ የሚናገር ፊልም አለ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ አለ። ቤቱን የሚበትነው የልጆቹ የዕድሜ ልዩነት ሳይሆን የፊልሙ ንግግር ነው። ንግግር ሲበዛ ትንሿ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች፤ እርስዎ ሲተረጉሙ ትልቁ ይሰለቻል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ስለዚህ ንግግር ከሌለው ይጀምሩ።

የመጀመሪያው ምርጫችን «ፍሎው» ነው። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በ2024 ያወጣው የ85 ደቂቃ አኒሜሽን ሲሆን በ2025 በምርጥ አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቃል አይነገርበትም። ውሃ ምድሩን ሲያጥለቀልቅ አንዲት ድመት በአሮጌ ጀልባ ላይ ትወጣለች፤ ውሻ፣ ሌመር (ጦጣ መሰል የማዳጋስካር እንስሳ)፣ ካፒባራ (ከአይጥ ዘሮች ሁሉ በትልቅነቱ አንደኛ የሆነው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ) እና አንድ እግረ ረጅም እባብ አዳኝ ወፍ ይቀላቀሏታል። ይህ ወፍ በአገራችን ሜዳማ ስፍራዎችም ይገኛል። እንስሳቱ እንደ ሰው አያወሩም፤ የሚሰማው ድምፅ የእውነተኛ እንስሳት ነው። የካፒባራው ድምፅ ግን የተቀዳው ከግመል ግልገል ነው። ይህን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸውና ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁ። ለ13 ዓመቱ ልጅዎ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ፦ ፊልሙ የተሠራው «ብሌንደር» በሚባል ማንም ሰው በነፃ አውርዶ ላፕቶፑ ላይ ሊጭነው በሚችል ፕሮግራም ነው። ስልኩን ይዞ ጓዳ የሚገባ ልጅ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ፊት ይስባል።

ለትንሿ የሚከብዱ ሦስት ቦታዎች አሉ። መጀመሪያ አካባቢ ውሃው በድንገት መጥቶ ሁሉንም ይጠርጋል። መሐል ላይ ያ ወፍ ድመቷን ሲከላከል የገዛ ወገኖቹ ይጎዱታል። መጨረሻ ላይ ውሃው ሲሸሽ አንድ ግዙፍ ዓሣ ነባሪ መሰል ፍጥረት ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። የፊልሙ ሠሪዎች ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ታዲያ አያጥፉት። ስሞቹ ካበቁ በኋላ ዓሣ ነባሪ በባሕር ላይ ብቅ ሲል የሚታይበት አጭር ትዕይንት አለ፤ ትንሿ ያንን አይታ ብትተኛ ይሻላል።

ሁለተኛው «ዎል-ኢ» ነው፤ 2008፣ 98 ደቂቃ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እንግሊዝኛ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አይከብድም። ሰው ጥሏት በሄደው ምድር ላይ ቆሻሻ የሚከምር አንድ ትንሽ ሮቦት አሮጌ ጫማ ውስጥ ችግኝ ይተክላል። ሮቦቱ የሚወደውን ዕቃ ከቆሻሻው እየለየ እንዴት እንደሚደረድር ልጆቹ በደንብ ይዩት። በማግስቱ ከቤታችሁ ደጅ ያለውን የፍሳሽ ቦይ አብራችሁ ተመልከቱ፤ ስንት የውሃ ፕላስቲክ፣ ስንት ፌስታል እንዳለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ያ ውሃ ወደየት እንደሚወርድ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሦስተኛው «ማይ ኔበር ቶቶሮ» (1988፣ 86 ደቂቃ) የጃፓን ፊልም ነው። ረጋ ያለ ነው፤ ክፉ ሰው የለበትም፤ ስለ አካባቢ ጥበቃ አንዲት ቃል ሳይሰብክ አንድ ትልቅ ዛፍ ያስወድዳል። የልጆቹ እናት ሆስፒታል መተኛቷን ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ጫካ ውስጥ የሚኖሩ የምናብ ፍጥረታት ስላሉበት «መንፈስ አይደለም ወይ?» የሚሉ ወላጆችም አሉ። የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ ብቻዎን አይተው ይወስኑ፤ ይህ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው። ካዩት ጧት የሚሄዱበት ቦታ የታወቀ ነው፦ ከሰፈሩ ትልቁ ዋርካ ሥር። ግንዱን ለማቀፍ ስንት ልጅ እጅ ለእጅ መያያዝ አለበት?

ጥያቄ፦ ልጄ ለሕፃናት ነው ብዬ የከፈትኩለትን የጃፓን ካርቱን አይቶ ሦስት ሌሊት መብራት አስበርቶ ተኛ። ፊልሙ «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» ነው። ልጁ 6 ዓመቱ ነው። የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ካርቱን ሁሉ የሕፃን አይደለም። ይህ ፊልም (1997፣ 134 ደቂቃ) ስለ ጫካና ስለ ብረት ማቅለጥ ከተሠሩት ሁሉ ጥልቁ ነው ብለን እናምናለን፤ ግን በቀስት የሚቆረጥ እጅና አንገት አለበት፣ ገና ሲጀምር ደግሞ ትል የወረረው ከርከሮ ይሮጣል። ከ13 ዓመት በታች አይከፈትም። በሽፋኑ ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ የዕድሜ ምልክቱን ይዩ፤ «ፒጂ-13» ካለ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑት የሚከብድ ነገር አለ ማለት ነው። ለልጅዎ አሁን የሚረዳው ፊልሙን ከልክሎ ዝም ማለት ሳይሆን ከርከሮውን በቀን ብርሃን በእርሳስ እንዲስለው ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ፎገራ ነን። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ቤታችን ውሃ የገባበት ጊዜ አለ። ፊልም ላይ ጎርፍ ሲመጣ የ8 ዓመቷ ልጄ እየተንቀጠቀጠች ከክፍሉ ወጣች። እንድትለምደው ልግፋ ወይስ ልተወው? (ከወረታ አካባቢ)

መልስ፦ አይግፏት። ከላይ ያመሰገንነውን «ፍሎው»ን ለእርሷ አይክፈቱት፤ ባሕር ከተማ የሚያጥለቀልቅበትን «ፖኞ»ንም (2008) እንዲሁ። ያየችውን ለምታውቅ ልጅ ይህ ምናብ አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ድምፁን ያጥፉ፤ ልጅን ከሥዕሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው የውሃው ጩኸትና ሙዚቃው ነው። ቀጥሎ የክፍሉን መብራት ያብሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ምስሉን ያቁሙ። ምስሉ መጀመሪያ ቢጠፋ ክፍሉ ይጨልማል፣ ድምፁም በጆሮዋ ይቀራል። «ይሄ ውሸት ነው» አይበሏት፤ «አንቺ ያየሽውን አስታወሰሽ አይደል?» ብለው እንድትናገር ቦታ ይስጧት። እንቅልፍ መከልከሏና ዝናብ ሲጥል መደንገጧ ለሳምንታት ከቀጠለ ጤና ጣቢያ ወስደው ባለሙያ ያማክሩ።

ለእርሷ የምንመርጠው «ማይክሮኮስሞስ»ን ነው፤ በ1996 የወጣ የፈረንሳይ ፊልም፣ ከ80 ደቂቃ ያልራቀ፣ ንግግሩ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር የማያልፍ። ሳር ውስጥ ያሉ ነፍሳትን እንደ ዝሆን አግዝፎ ያሳያል። አንድ እበት የሚያንከባልል ጢንዚዛ አለ። ድቡልቡሏ በእሾህ ላይ ትሰካበታለች። ይገፋል፣ አልሆነም፤ በጀርባው ይሞክራል፣ አልሆነም፤ ከሥር ገብቶ ሲያነሳት ትላቀቃለች። ልጆች እዚህ ላይ ተነሥተው ሲያጨበጭቡ ማየት የተለመደ ነው። የዝናብ ጠብታ ነፍሳቱን የሚመታበት ክፍል አለው፤ ጎርፍ ባይሆንም አስቀድመው ይንገሯት። ጧት ከከብቶች በረት አጠገብ ያንኑ ጢንዚዛ ፈልጉት፤ የፎገራ ልጅ ለማግኘት ሩቅ አትሄድም።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው። ወንድሜ «ዘጋቢ ፊልም ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው» ይላል። እኔ አላመንኩም። ማን ነው ልክ? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ አንቺ ነሽ። በ1958 የወጣው የዲዝኒ «ዋይት ዊልደርነስ» ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት በጅምላ ከገደል ወደ ባሕር እየዘለሉ ሲሞቱ ያሳያል። ፊልሙ ኦስካር አግኝቷል። የተቀረፀው ግን ባሕር በሌለባት የካናዳዋ አልበርታ ነው፤ እንስሳቱም ከሌላ ቦታ ተገዝተው የመጡ ነበሩ። ወደ ውሃው የገቡት ተገፍተው መሆኑን አንድ የካናዳ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በ1982 አጋለጠው። ሌሚንጎች ቁጥራቸው ሲበዛ ይሰደዳሉ፣ ወንዝ ሲሻገሩም የሚሰምጡ አሉ፤ ራሳቸውን ግን አይገድሉም። ሆኖም ያንን ተረት ዛሬም የሚያምን ብዙ ሰው አለ፤ አንድ የተቀነባበረ ትዕይንት ይህን ያህል ዕድሜ አለው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ማታለል በጣም ይነቀፋል። ያም ሆኖ ሁለት ነገር ልብ በይ። ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የሚጨመር ነው። 200 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ በረጅም ሌንስ የተቀረፀ አንበሳ አጥንት ሲቆረጥም በጆሮሽ ሥር የሚሰማው ድምፅ በስቱዲዮ የተሠራ ነው። ሌላው ጊዜ ነው፤ እንደ አንድ ቀን ሆኖ የሚተረከው አደን ከብዙ ቀናት ቀረጻ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። አዳኙ ሲሮጥ ጥላው አጭር፣ የሚታደነው ሲሮጥ ጥላው ረጅም ከሆነ በአንድ ሰዓት አልተቀረፁም።

ከወንድምሽ ጋር መለማመጃ የሚሆናችሁ «ማይ ኦክቶፐስ ቲቸር» ነው (2020፣ 85 ደቂቃ፤ በ2021 በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያገኘ)። ክሬግ ፎስተር የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ በኬፕ ታውን አጠገብ ባለው የባሕር አረም ጫካ ውስጥ ዕለት ዕለት እየጠለቀ አንዲትን ኦክቶፐስ ይከታተላል። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በቀኝ «ካሜራው ያየው»፣ በግራ «ሰውየው ያሰበው» ብላችሁ ጻፉ። ሻርክ ክንዷን ነከሰ፣ ክንዷ ተመልሶ አደገ፦ በቀኝ። ወዳጄ ሆነች፦ በግራ። የግራው ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የሰው ትርጓሜ ነው ማለት ነው። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ ማንኛውንም ዘጋቢ ፊልም ማየት ትችላላችሁ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከታናናሾቻችሁ ጋር ካያችሁት በየ10 ደቂቃው አቁማችሁ አስረዷቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እኔ አያት ነኝ። የልጅ ልጆቼ ፊልም ሲያዩ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ እላለሁ። እኔም የምረዳው፣ የማውቀው ነገር ያለበት ፊልም ይኖር ይሆን? አባቴ ንብ አናቢ ነበሩ። (ከደራ)

መልስ፦ እናታችን፣ ለእርስዎ የተሠራ የሚመስል አንድ ፊልም አለ። «ሃኒላንድ» ይባላል፤ በ2019 የወጣ፣ ሁለት ሰዓት የማይሞላ፣ በሰሜን መቄዶንያ ተራሮች ብቻቸውን ከአሮጊት እናታቸው ጋር ስለሚኖሩ ሃቲጄ ስለሚባሉ ንብ አናቢ ሴት። ማር ሲቆርጡ ግማሹን ለንቦቹ ይተዋሉ። ጎረቤት የመጣ ሰው ግን ነጋዴ አጣድፎት ሁሉንም ይቆርጣል፤ የተራቡት ንቦቹ የእርሳቸውን ንቦች ይወርራሉ። የሰው አገር ይሁን እንጂ ጢሱን፣ ቀፎውን፣ ንቧን የሚያናግሩበትን ለዛ ሲያዩ ያውቁታል።

ንግግሩ ቱርክኛ ስለሆነ የልጅ ልጆችዎም አይሰሙትም፤ በዚህ ፊልም ፊት ሁላችሁም እኩል ናችሁ። ስለዚህ ሪሞቱ በእርስዎ እጅ ይሁን። ማር በሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ ያስቁሙና የእኛን ይንገሯቸው፦ ቀፎው በምን ይታጠናል፣ ዛፍ ላይ ለምን ይሰቀላል፣ ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ሲቆረጥ ለንቧ ምን ያህል ይተውላታል። ዝግ ያለ ስለሆነ በሁለት ምሽት ከፍላችሁ ብታዩት ይሻላል። ልጆች በንብ ሲነደፉ፣ መጨረሻው ላይም አሮጊቷ እናት ሲሞቱ ይታያል፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉት የመጀመሪያውን ምሽት ብቻ ቢያዩ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ የምትጠቁሙት ሁሉ የሩቅ አገር ነው። ልጆቼ «የኛስ?» ይሉኛል። (ከዘጌ)

መልስ፦ ልጆችዎ እውነት አላቸው። ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተሠራ፣ ጄረሚ ሲፈርት ያዘጋጀው «ዘ ቸርች ፎረስትስ ኦቭ ኢትዮጵያ» የሚባል አጭር ፊልም አለ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደኖቹ ዙሪያ ከብት እንዳይገባ ስለሚሠራው የድንጋይ ካብ ይናገሩበታል። ድንጋዩ ከእርሻ ላይ የሚለቀም በመሆኑ ለገበሬውም ለደኑም ይጠቅማል። አጭር ስለሆነ ለዋና ፊልም መክፈቻ ያድርጉት። ዘጌ ላለ ልጅ ደግሞ ማወዳደሪያው ከደጁ ነው፤ በማግስቱ ከቡናው ጥላ ሥር ያለውን አፈርና ሜዳ ላይ ያለውን አፈር በእጁ ይዞ የትኛው እንደሚቀዘቅዝ ይንገራችሁ።

ለትልልቆቹ «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» (2019፣ 113 ደቂቃ) አለ። በማላዊ በ2001 ረሃብ ጊዜ የትምህርት ክፍያ አጥቶ ከትምህርት ቤት የወጣው ዊልያም ካምኳምባ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ ተመርቶ፣ የብስክሌት ዕቃ ገጣጥሞ የንፋስ ወፍጮ የሠራበት እውነተኛ ታሪክ ነው። የዛፍ መጨፍጨፍ ጎርፍንና ረሃብን እንዴት እንደሚያባብስ እንዲህ አጥርቶ ያሳየ የአፍሪካ ታሪክ ብዙ የለም። እህል ሲዘረፍ፣ የአካባቢው ባላባት ሲደበደቡ፣ የልጁም ውሻ በረሃብ ሲሞት ስለሚታይ ከ12 ዓመት በታች አንመክረውም።

ስለ ሐይቅ «ዳርዊንስ ናይትሜር» (2004) የሚባል የታወቀ ፊልም አለ፤ ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅና ናይል ፐርች ስለሚባለው ትልቅ ዓሣ ነው። ለልጆች ፈጽሞ አይሆንም፤ ሴተኛ አዳሪነትና የጦር መሣሪያ ንግድ አለበት። እናንተ አይታችሁ ታሪኩን በቃል ንገሯቸው፦ ናይል ፐርች በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ውስጥ ተጨምሮ በሌላ ቦታ የማይገኙ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎችን በብዛት አጠፋ። ከዚያ ወደ ጣና ተመለሱ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚያግድ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ኖረዋል፤ ላቢኦባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ያህሉ ዝርያ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ያሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ቢዘረጋ የሚያዘው እንቁላል የያዘው ዓሣ ነው። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል።

ጥያቄ፦ ያወረድኩት ፊልም ከቲቪው ጋር አይስማማም። አንዱ ፍላሹ ላይ ጭራሽ አይታይም፣ አንዱ ድምፅ የለውም። በአማርኛ የሠራሁት ሰብታይትል ደግሞ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ፍላሹ «ፋት32» በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። «ኤንቲኤፍኤስ» ወይም «ኤክስፋት» ካደረጉት ፋይሉን ይቀበላል፤ አንዳንድ ቲቪ ግን ፍላሹን አያነብም። ለቤት ማያ የ720 ጥራት ይበቃል፤ የ90 ደቂቃ ፊልም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ጊጋባይት ስለሚሆን በፋት32 ይገባል።

ምስል አለ፣ ድምፅ የለም ማለት ብዙውን ጊዜ ድምፁ «ዲቲኤስ» በሚባል ዓይነት የታሸገ ነው፤ ብዙ ቲቪ ያንን አይከፍትም። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም ማለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምስሉ በ«ኤች265» የታሸገ ነው፤ ቆየት ያለ ቲቪ የሚያውቀው «ኤች264»ን ብቻ ነው። ሁለቱንም «ሃንድብሬክ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈታል፦ ቅርጹን ኤምፒ4፣ ምስሉን ኤች264፣ ድምፁን ኤኤሲ አድርገው ይቀይሩ። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የፊልሙን ርዝመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ዓርብ ማታ ይጀምሩት።

ሳጥኑ የሚመጣው ቲቪው የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። የቲቪውን ሴቲንግ ቢገለባብጡ ለውጥ የለውም። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ ግን ጥፋቱ ፋይሉ ሴቭ የተደረገበት የፊደል ኮድ ነው፤ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተው «ሴቭ አዝ» ሲሉ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ፣ ስሙም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን። ለሳጥኑ ሁለት መፍትሔ አለ። ቀላሉ ላፕቶፕን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኝቶ በ«ቪኤልሲ» መክፈት ነው፤ በሰብታይትል ምርጫው «ኒያላ» ወይም «ኢብሪማ» የሚለውን ፊደል ይሰጡታል። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ «ጂ» እና «ኤች» የሚሉትን ቁልፎች እየነኩ ያስተካክሉ። ሌላው ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው፦ በሃንድብሬክ የሰብታይትል ገጽ ላይ ፋይሉን አስገብተው «በርን ኢን» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። አንዴ ከታተመ በማንኛውም ቲቪ ይነበባል፤ ስሕተት ካለበት ግን መፋቅ ስለማይቻል መጀመሪያ 5 ደቂቃውን ብቻ ሠርተው ይሞክሩ።

ሲጽፉ በአንድ መስመር ከ5 እስከ 6 ቃል፣ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ ቢያንስ 4 ሰከንድ። የ9 ዓመት ልጅ ከዚህ የፈጠነውን ለማንበብ ሲል ምስሉን ይተዋል።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ጠርተን ግቢ ውስጥ በፕሮጀክተር ማሳየት አስበናል። መብራት ቢጠፋስ? ትንኙስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። ትንሽ የኤልኢዲ ፕሮጀክተር 60 ዋት አካባቢ ይወስዳል። 12 ቮልት፣ 50 አምፒር ሰዓት የሆነ የመኪና ዓይነት ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከግማሽ በታች ካወረዱት ስለሚበላሽ 300 ብቻ ይቁጠሩ። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ዕቃ) የሚበላውን ሲቀንሱ 250 ያህል ይቀራል። ይህ ለፕሮጀክተሩ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ቢጨመርም አንድ ፊልም አስጨርሶ ይተርፋል። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሥራ። ባትሪውን ከልጆች ርቀት ላይ፣ አየር ባለበት ያስቀምጡ።

ለማሳያ አቡጀዲ ይበቃል፤ ግን ነጠላው ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ሁለት እጥፍ አድርገው ይተኩሱት፤ ከላይና ከታች ሰፍተው ቀርከሃ ያስገቡበት፣ አራቱን ጫፍ በገመድ ይወጥሩ። ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ ጨርቁን ካወዛወዘው የሁሉም ሰው ዓይን ይደክማል። ርካሽ ፕሮጀክተር ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አያበራም፤ የምስሉን ስፋት ከ2 ሜትር አያሳልፉ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊትም አይጀምሩ። ድምፅ ማጉያው ከጨርቁ ሥር ይቀመጥ፤ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ከሆነ የማራገቢያው ጩኸት ይሸፍነዋል።

የወባ ትንኝ የምትናከሰው በሌሊት ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ውጭ አለማሳየት ይሻላል። በሌላው ጊዜም ልጆቹ እጅጌው ረጅም ልብስና ካልሲ ያድርጉ። ነጩ ጨርቅ በራሪ ነፍሳትን ይስባል፤ ከተመልካቹ 10 ሜትር ያህል ርቆ አንድ አምፖል ቢበራ ብዙው ወደዚያ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ፊልሙ ሲያልቅ «ምን ተማራችሁ?» ስላቸው ሁሉም ይሸሻል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያንን ጥያቄ ይተዉት፤ ፈተና ይመስላል። የዚያን ምሽት አንድ ብቻ ይጠይቁ፦ «የትኛውን እንስሳ በቅርብ ማየት ፈለጋችሁ?» ከዚያ ወደ መኝታ። ቀሪው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቁ ዳር ነው።

ሁለት ነገር አስፈልጓቸው። አንደኛው ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነች፣ መንቁሯ ረጅም ትንሽ ወፍ ናት። ውሃው ላይ ባለችበት ክንፏን እያርገበገበች ትቆማለች፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ትወርዳለች። ከአሥር ጊዜ ስንቱን ዓሣ ይዛ እንደምትወጣ ልጆቹ ይቁጠሩ። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው ይህ አረም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። አንድ ተክል አውጥተው የቅጠሉን ያበጠ እግር በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞሉ ጉድጓዶች ናቸው። ለምን እንደማይሰጥም ልጁ ሳይነገረው ያውቃል። የተሰነጠቀውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያድርቁት እንጂ ወደ ውሃው አይመልሱት፣ በባልዲም ወደ ቤት አይውሰዱት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጥፍ ይራባል።

ተክሉን የሚያወጣው ታንኳ ላይ ያለ ወይም ቡትስ ያደረገ ትልቅ ሰው ይሁን። ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አይንከሩ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ከሆናችሁ ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ የብስ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ ከ11 ሰዓት በፊት ተመለሱ።